ያልተሰማው ገመድ

በአንድ ገደል አፋፍ ላይ የተቆረቆረ አገር ነበረ። ስሙን የሚያነሱ ሰዎች ሁሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ስለሚያነሱት በትክክል የሰማው የለም። ስለዚህ ስሙ ይቅርና ነገሩ ይነገር።

ያንን አገር ከሌላው ዓለም የሚያገናኘው አንድ የገመድ ድልድይ ብቻ ነው፤ እግር የሚረግጠው አንድ ገመድ፣ በግራና በቀኝ እጅ የሚይዘው ሁለት ገመድ አለው። ጨው የሚገባው በእሱ ነው፤ ሙሽራ የሚሻገረው በእሱ ነው፤ መድኃኒት አዋቂ የሚጠራው በእሱ ነው። ከገደሉ ሥር የሚያገሳው ወንዝ ክረምት በመጣ ቁጥር ጉም እያስነሳ ገመዱን ያበሰብሰዋል። ስለዚህ በየዓመቱ፣ ዝናቡ ከመግባቱ በፊት፣ አሮጌው ድልድይ ይፈታና አዲስ ይዘረጋል። የአገሩ ሰው ሥራም ይኸው ነው፤ ቃጫ ይፍቃል፣ ገመድ ይገምዳል።

አገሩን የሚገዛው ጌታ ከድልድዩ ማዶ፣ ከተራሮቹ ወዲያ ይኖራል። ፊቱን ያየ ሰው የለም። አንድ ቀን እንኳ ብቅ ብሎ አያውቅም። ሆኖም ባለበት ሆኖ ለአገሩ እንደሚደክም ማንም አይጠራጠርም፤ መጠራጠርም አልተፈቀደም። በእሱ ምትክ የተሾመው ሰው «የዓይን ሹም» ይባላል። በዚያ ዘመን የዓይን ሹም የነበሩት አጥናፌ የሚባሉ፣ አንገታቸው ረዘም ያለ ሰው ናቸው።

የዓይን ሹም ሥራ ማየት ነው። ገማጆቹ ሁሉ የመታያ አዳራሽ በሚባለው ቤት ውስጥ በርጩማ ላይ ተደርድረው ይቀመጣሉ፤ ሹሙ ከመካከል በተሠራ ማማ ላይ ወጥተው ይመለከቷቸዋል። በሌላ አገር ማማ የሚሠራው ዝንጀሮ ለመጠበቅ ነው። እዚህ የሚጠበቀው ሰው ነበር። የሹሙ ዓይን ያረፈበት ገማጅ ቀና ይላል፣ ፈገግ ይላል፣ ከዚያም ሁለት እጁን ገልብጦ ያሳያል። ትርጉሙ «እየሠራሁ ነው» ማለት ነው። ይህን ሥርዓት ማን እንደጀመረው አይታወቅም። ሹሙ ማማው ላይ እስካሉ ድረስ ከበርጩማው የሚነሳ ሰውም የለም።

ችግሩ አንድ ነው። ሁለት እጁን የሚያሳይ ሰው ገመዱን መልቀቅ አለበት። በጅምር የተለቀቀ ገመድ ይላላል። መልሰው ቢያጠብቁትም ያ ቦታ ልል ሆኖ ይቀራል፤ በዓይን አይለይም፤ ክብደት ሲያርፍበት ብቻ ይታወቃል።

ይህን አያ አብተው በእግራቸው አውቀውታል። እሳቸውም ገማጅ ነበሩ። አንድ ዓመት ድልድዩ መሃል ላይ ልሉን ቦታ ረግጠው ወደቁና የገደሉ ቁጥቋጦ ያዛቸው። ነፍሳቸው ተረፈች፤ እግራቸው ግን ከዚያ ወዲህ አልታዘዘላቸውም። ከእሳቸው መውደቅ በኋላ ከማዶ አንድ ሕግ መጣ፦ አዲስ ድልድይ በተዘረጋ ቀን፣ ከሰው ሁሉ በፊት ሥራውን ያሠራው ሹም ራሱ ይሻገር። ሌላም ሕግ ከእሱ ጋር መጣ፦ በድልድዩ ላይ ገመዱ ያልገባለት ቤት ይወረስ።

አያ አብተው አንድ ልጅ አላቸው፤ እንዳላማው ይባላል። በሩን ዘግቶ ከሄደ በኋላ በእርግጥ መዘጋቱን ለማየት የሚመለስ ዓይነት ወጣት ነው። ጠዋት ጠዋት ውኃና ቂጣ ከአባቱ ራስጌ ያኖርና ወደ አዳራሹ ይሄዳል። ሲመለስ አባቱን በተዋቸው ጎን ላይ ያገኛቸዋል። የሚያገላብጣቸው ሰው ስላልነበረ ጀርባቸው ቆስሎ ነበር።

አንድ በጋ አገሩ ሳል ገባበት። በአዳራሹ ውስጥ አንዱ ሲስል አጠገቡ ያለው ይቀበለዋል። ሰው መሞት ሲጀምር ከማዶ ትእዛዝ መጣ፦ «ሁሉም በየቤቱ ይግመድ።» አዳራሹ ባዶ ቀረ። ሹም አጥናፌ ግን ማማቸው ላይ መውጣት አልተዉም፤ ወጥተው ባዶ በርጩማ ሲያዩ ይውላሉ።

እንዳላማው ከአባቱ አልጋ አጠገብ ካስማ ተከለ። ገመዱን ከካስማው ያስርና ይገምዳል፤ ደህና ቦታ ሲደርስ ቋጥሮ ያስቀምጥና አባቱን ያገላብጣል፤ ውኃ ያጠጣል፤ ተመልሶ ይቀጥላል። መቼ እንደሚለቅ የሚወስነው እሱ ስለሆነ ገመዱ አይላላም። አያ አብተው ዓይናቸውን ጨፍነው የቃጫውን ድምፅ ያዳምጣሉ።

«ሳብ፤ ሰነፈብህ» ይሉታል።

«ሰነፈ እንዴ?»

«ሰነፈ። አንተ ደግሞ ሁሉን ትጠራጠራለህ፤ መጠራጠር ያለብህን ብቻ ትተህ።»

በየቤቱ እንዲሁ ነበር። ምግቡን እሳት ላይ ጥዶ የሚገምድ ነበረ፤ እየዘፈነ የሚገምድም ነበረ። በዚያ ዓመት የተዘረጋው ድልድይ ሰው ሲረግጠው አልጮኸም። ሹም አጥናፌ በሕጉ መሠረት ቀድመው ሲሻገሩ መሃሉ ላይ እንኳ አልቆሙም። ማዶ ደርሰው ግን ፊታቸው አልፈካም። ሹሙ በዕድሜያቸው ገመድ ገምደው አያውቁም፤ ጥሩውን ከመጥፎው መለየት አይችሉም። መለየት የሚችሉት ያቀረቀረን ሰው ካላቀረቀረ ነው። «ያላየሁት ሥራ እንዴት አማረ?» የሚለው ነገር እንቅልፍ ነሳቸው።

ሳሉ አለፈ። ሰዎቹ በየቤታችን እንቆይ ብለው ለመኑ። ሹሙም ሁሉንም አዳራሹ በር ላይ ሰበሰቡ።

«ቤታችሁ ሁኑ፤ አልከለከልኩም» አሉ። «ነገር ግን ያልታየ ሥራ ሥራ ነው ወይ? አይደለም። ማየት ካልተቻለ ደግሞ መስማት ይቻላል።»

ያወጡት ሥርዓት ይህ ነው፦ ከየቤቱ እስከ አዳራሹ ድረስ በካስማ ላይ ሲባጎ ይዘረጋል፤ በሲባጎው ጫፍ፣ ከአዳራሹ ጣሪያ ሥር፣ የባለቤቱ ቃጭል ይንጠለጠላል። በየግቢው አንድ እንጨት ይተከላል፤ ዙሪያውን ድንጋይ ይደረደራል፤ ጥላው ከድንጋይ ወደ ድንጋይ በተሻገረ ቁጥር ሲባጎው ይሳባል። ቃጭሉ የተሰማ ሰው እየሠራ ነው። ያልተሰማ ተኝቷል። ከተወሰነው በላይ የደወለ ይመሰገናል። ቃጭሎቹን የሚያዳምጡ «ጆሮ» የተባሉ ሹማምንት ተሾሙ። ከገማጆቹ እጀ ጥሩዎቹ ተመርጠው ጆሮ ስለሆኑ የሚገምደው ሰው በዚያው ሳሳ።

ሥርዓቱ በተነገረበት ስብሰባ ላይ እንዳላማው እጁን አነሳ፤ አወረደ፤ መልሶ አነሳ።

«ጌታዬ፣ ምናልባት እኔ ተሳስቼ ይሆናል። ሲባጎውን ለመሳብ ገመዱን መልቀቅ ነው። የተለቀቀ ገመድ ደግሞ…»

«ሲባጎው ይከብዳል?» አሉ ሹሙ።

«አይከብድም ጌታዬ።»

«እንግዲያው ምን አስጨነቀህ?»

ሰው ሳቀ። እንዳላማው ተቀመጠ። ቤቱ እስኪደርስ ድረስ ጥያቄውን እንዴት አድርጎ መጠየቅ እንደነበረበት በልቡ ሲያስተካክል ሄደ።

ቃጭሉ ከገባ ወዲህ ዓይኑ ከገመዱ ይልቅ ከደጁ ጥላ ላይ ሆነ። ጥላው ድንጋዩን ሊነካ ሲል እጁ ይዝላል፤ ይለቅቃል፤ ይስባል፤ ተመልሶ ሲይዝ ገመዱ ልል ሆኖ ይጠብቀዋል። ደውሎም አያርፍም፤ «ተሰምቶ ይሆን?» ብሎ ይደግማል። ጥላው ገና ሩቅ ሳለ እንኳ «አሁን ብጀምር ሳልጨርስ ይደርሳል» እያለ እጁን አጣጥፎ የሚጠብቅበት ጊዜ መጣ። ገመዱ አያድግም። የጠበቀው ቦታና የላላው ቦታ አንድ ላይ እየተጠቀለለ ይከማቻል።

ጎረቤቱ ትብለጥ የምትባል ባል የሞተባት ገማጅ ናት። የእሷ ቃጭል ቀኑን ሙሉ ይጮኻል ተብሎ በአገሩ ይወራ ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ ቃጫ ሊበደር ቢሄድ፣ በሁለት እጇ ስትገምድ አገኛት። ሲባጎው በፍየሏ አንገት ላይ ታስሯል። ፍየሏ ወደ ቁጥቋጦው አንገቷን በዘረጋች ቁጥር ሲባጎው ይሳባል።

«እትዬ ትብለጥ! ኧረ ይሄ ነገር አያስፈራሽም?»

«ምን ያስፈራኛል? ከእኔ ይልቅ እሷ ትጉ ናት። ትናንት ጆሮው ጫኔ መጥቶ ‹ሹሙ አመስግነውሻል› አለኝ፤ ለእሷ ቅጠል ጨመርኩላት።»

«ቢደርሱብሽስ?»

«ቢደርሱብኝ እሷን ይሹሟት! ጆሮዋ እንደሆነ ከሁሉም ይረዝማል።»

እንዳላማው ሳቀ። ወደ ቤቱ ሲመለስ ግን ሳቁ ጠፋ። ለአባቱ ሲነግራቸው አያ አብተው እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁና እጃቸውን ዘረጉ።

«ሲባጎውን ወዲህ በለው።»

«ውሸት አይሆንም አባባ?»

«አንተ ትገምዳለህ፤ እኔ እደውላለሁ። ሁለት ሰው ሠራ፤ ማን ዋሸ?»

ሲባጎውን በእጃቸው አንጓ ላይ አሰረላቸው። ሥራ ከፈቱ ብዙ ዘመን የሆናቸው ሰው ሥራ አገኙ። ጥላው እንዳያመልጣቸው ፊቴን ወደ ደጁ አዙርልኝ አሉት። በማግሥቱ ጢሜን ላጨኝ አሉት። ከዚያ ወዲህ የእንዳላማው ቃጭል አንድም ጊዜ ሳይዘገይ፣ አንድም ጊዜ ሳይጣደፍ ይደወል ጀመር። የእሱም እጅ ከገመዱ አልተለየም፤ ገመዱ ጠበቀ።

አንድ ነገር ብቻ ይከነክነዋል። የገመዱ መጀመሪያ ከቃጭሉ በፊት የተገመደ ነው፤ ደህና ነው። አሁን የሚገምደውም ደህና ነው። መሃሉ ግን ራሱ እየለቀቀ የደወለበት ነው። ሊፈታው ፈልጎ ነበር፤ መፍታት ግን ወደ ኋላ መመለስ ነው፤ ቃጫውም እያለቀ ነው። «ልል የሚመስለኝ ለእኔ ብቻ ይሆናል» እያለ ነገሩን አሳደረው።

ሹም አጥናፌ በቃጭሉ ደስ ብሏቸው ወደ ማዶ መልእክት ሰደዱ፦ «ሕዝቡ እንዲህ ሠርቶ አያውቅም፤ ድምፁ አያቋርጥም።» ከማዶ ምስጋና መጣ። በምስጋናው ሹሙን ባሰባቸው። ይህን የመሰለ ትጋት እየሰሙ አለማየት አቃጠላቸው። «ከሩቅ ይህን ያህል የደወለ፣ ከቅርብ ቢሆንማ!» አሉና ሁሉም ወደ አዳራሹ እንዲመለስ አዘዙ። በቃጭሉ ብልጫ ያሳየ ከፊት ይቀመጣል።

አዋጁን ለእንዳላማው ያመጣለት ጫኔ የተባለው ጆሮ ነው። ዱሮ በአዳራሹ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይገምዱ ነበር።

«እንኳን ደስ ያለህ! ከማማው ሥር ያለው የመጀመሪያው በርጩማ ያንተ ነው።»

«ጫኔ፣ አባቴን ታውቃቸዋለህ። ማን ያገላብጣቸዋል?»

«‹አባት የሌለው ሰው የለም› ተብሏል።»

«ማን ነው ያለው?»

ጫኔ ወደ ኋላው ተመለከተ። «ተብሏል ነው የተባልኩት። እኔ ምን ላድርግ ወንድሜ፤ ጆሮ ነኝ እንጂ አፍ አይደለሁም።»

ሲባጎዎቹን ማንም አልፈታም። መፍታት እንዴት ሲደወል እንደነበረ መናገር ነው። እንዳላማውም በአባቱ እጅ ላይ እንደታሰረ ተወው።

«አባባ፣ ከባሰብዎ ሳያቋርጡ ይሳቡት። እሰማዎታለሁ።»

«ሂድ» አሉት። «እኔ ሥራ ላይ ነኝ።»

ወጥቶ በሩን ዘጋ። ተመልሶ መዘጋቱን አየ። ደግሞ ተመልሶ አየ።

በመጀመሪያው ጠዋት ገማጆቹ በየበርጩማቸው ተደረደሩ፤ በሩ ተዘጋ፤ ሹሙ ማማው ላይ ወጡ። ከዚያ ከጣሪያው ሥር አንድ ቃጭል ተንቀጫቀጨ። የትብለጥ ነበር። ትብለጥ ጣቶቿን አጎንብሳ ማየት ጀመረች። ቀጥሎ ሲባጎው በሕፃን አልጋ ላይ የታሰረ የአንድ ቤት ቃጭል ጮኸ። ቀጥሎ ከዛፍ ቅርንጫፍ ጋር የታሰረ የሌላ ቤት። ሁሉም ሰው እዚህ ነው፤ ቃጭሉ ሁሉ ግን ይደወላል። የእንዳላማው ቃጭልም ጥላው በደረሰ ጊዜ፣ በሰዓቱ፣ ሳይጣደፍ ተደወለ።

ሹሙ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ድምፁ ሥራ ካልሆነ ወደ ማዶ የላኩት መልእክት ውሸት ሊሆን ነው። ከዚያ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ሰማችሁ?» አሉ። «ሥራ ማለት ይህ ነው! እናንተ እዚህ ሆናችሁ እንኳ ቤታችሁ ሥራውን አላቆመም!»

ጆሮዎቹ አጨበጨቡ። ነገሩም «ድርብ ሥራ» የሚል ስም ወጥቶለት ወደ ማዶ ተላከ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀኖች አንድ ዓይነት ነበሩ። ሰው ማልዶ ይመጣል፤ ማልዶ የመጣው ይታያልና። አምሽቶ ይወጣል፤ ቀድሞ የወጣው ይታያልና። የሚዘፍን የለም፤ የሚቀልድ የለም፤ ትብለጥ እንኳ አፏን ዘጋች። የሹሙ ዓይን በዞረ ቁጥር እጅ ይለቅቃል፤ እጅ ይገለበጣል። ለድልድዩ የሚዘረጋው ገመድ በአዳራሹ ወለል ላይ እንደ ታመመ እባብ ቀጥኖ ይጎተት ነበር። እንዳላማው ከማማው ሥር ስለተቀመጠ ከሁሉም በላይ እጁን የሚያሳየው እሱ ነው። ቤት የጀመረው ገመድ ሳያልቅ ከአባቱ አልጋ ሥር ተጠቅልሎ ቀርቷል። እጁን እያሳየ ጆሮው ጣሪያው ላይ ነው። ቃጭሉ ሲደወል «ደህና ናቸው» ይላል፤ እስኪደወል ድረስ ይጨነቃል።

አንድ ቀን፣ ጥላው ገና ሳይደርስ፣ ቃጭሉ ተደወለ። አላቆመም። በላይ በላዩ ተንቀጫቀጨ።

«አያችሁ!» አሉ ሹሙ ከላይ። «ይህ ነው ትጋት! ከሁላችሁ በላይ ነው የሚሠራው!»

እንዳላማው እጁን አሳየ። «ምናልባት ነፋስ ይሆናል» አለ በልቡ። «ምናልባት ጥላውን ተሳስተው ይሆናል። ብነሳና ደህና ሆነው ባገኛቸው? ለተነሳ ሰው ገመድ ድልድዩ ላይ ቦታ የለም፤ ቤቱን ያስወረስኩት እኔ ነኝ። ባልነሳና ደህና ባይሆኑስ?» ከበርጩማው ላይ ከፍ አለ፤ ተቀመጠ። ቃጭሉ ይጮኻል። ሹሙ ያመሰግናሉ። እጁን ደግሞ አሳየ።

ከዚያ ቃጭሉ ዝም አለ።

እንዳላማው ተነሳ።

«ወዴት?» አሉ ሹሙ።

«ቤት ጌታዬ።»

«ቤትህ እየሠራ ነው፤ ሰምተነዋል።»

«ቤቴ አይደለም ጌታዬ። አባቴ ናቸው። ሲደውሉ የከረሙት አባቴ ናቸው። አሁን ዝም አሉ።»

ሹሙ አንገታቸውን ወደ ጆሮዎቹ አዞሩ።

«ይህ ልጅ ምን አለ? እኔ አልሰማሁም።»

«አልሰማንም ጌታዬ» አሉ ጆሮዎቹ ባንድነት።

«አልሰማንምና ተቀመጥ።»

እንዳላማው በሩን ከፈተና ወጣ። ያ በር ሹሙ ማማው ላይ እያሉ ሲከፈት ሰው ያየው የዚያን ቀን ነው። ሲባጎውን በእጁ እየዳሰሰ ሮጠ። እስከ መንገዱ እጥፋት ድረስ ሲባጎው የተወጠረ ነበር። ከእጥፋቱ ወዲያ መሬት ላይ ተኝቷል።

አያ አብተው በአልጋውና በበሩ መካከል ወድቀዋል። የተበጠሰው ሲባጎ በእጃቸው አንጓ ላይ ሥጋ ውስጥ ገብቷል። ዓይናቸው ክፍት ነው።

«አባባ!»

«ውኃው ራቀኝ፤ ስንጠራራ ወደቅሁ። ጠራሁህ።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ቆየህብኝ። አጥብቄ ስስበው ተበጠሰ። አሁን ቃጭሉ ዝም ሲል ምን ይሉሃል? በርጩማህን ይወስዱብሃል?»

እንዳላማው አባቱን አንስቶ አልጋው ላይ አስተኛቸው። ውኃ አጠጣቸው፤ አንጓቸውን በሻሽ ጠቀለለ። ወደ አዳራሹም አልተመለሰም።

በማግሥቱ ጫኔ መጣ። ወደ ቤት አልገባም፤ ደጁ ላይ ሆኖ እግሩን እያየ ተናገረ።

«‹ያልተሰማ› ተብለሃል። ቃጫ እንዳይሰጥህ፣ የገመድከውም ድልድዩ ላይ እንዳይገባ።»

«ገመዴ ካልገባ ቤቱ ይወረሳል።»

«ይወረሳል» አለ ጫኔ። «ድልድዩ በሚዘረጋበት ቀን።»

«እሳቸውን የት ነው የምወስዳቸው?»

ጫኔ ፊቱን አዙሮ ሄደ።

እንዳላማው ጥቅሉን ከአልጋው ሥር አወጣ። የቀረችው ቃጫ ገመዱን ለመጨረስ ትበቃለች፤ መሃሉን ፈትቶ ለመመለስ ግን አትበቃም። ለምን እንደሚገምድ ራሱንም ጠየቀ፤ ማንም አይቀበለውም። ግን እጁ ሥራ ሲፈታ ጭንቀቱ ይብስበታል። አባቱም አጠገቡ ናቸው። «ሳብ» ይሉታል፤ ይስባል።

ድልድዩ የሚዘረጋበት ቀን ሲደርስ ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። ማለዳ ጫኔ እየሮጠ መጣ።

«ገመድህ አልቋል?»

«ያልተሰማ አይደለም እንዴ?»

«ተወው አሁን! የአዳራሹ ገመድ አጠረ። የእግሩ ወጣ፤ የግራ እጁ ወጣ፤ የቀኙ ጠፋ። አልቋል ወይ?»

«አልቋል። ከማን ቤት መጣ ልትል ነው?»

«ከአዳራሹ» አለ ጫኔ ጥቅሉን እየተሸከመ። ቀና ብሎም አላየው።

አያ አብተው ይህን ከአልጋቸው ሰሙ። «አዝለኝ» አሉ። «ገመዳችን ሲዘረጋ ልየው።» እንዳላማው አዝሏቸው ወደ አፋፉ ሄደና ድንጋይ ላይ አስቀመጣቸው። ሕዝቡ ተሰብስቧል። ትብለጥ ከእነ ፍየሏ ቆማለች። ወንዙ ከታች ያገሳል። ሁሉም የሚጠብቀው ሹሙ እስኪሻገሩ ነው።

ሹም አጥናፌ ድልድዩ አፍ ላይ ቆሙ። የግራውን ገመድ ያዙ፤ ለቀቁ። የቀኙን ያዙ። መልሰው የግራውን ያዙ። አንገታቸው ወደ ሕዝቡ ዞረና እንዳላማው ላይ ቆመ። በጣታቸው ጠሩት። ሲቀርብ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«የትኛው ነው… ቤት የተገመደው?»

እንዳላማው ፊታቸውን አየ። ላብ ነበረው። ዝም ቢል የሚሆነውን አሰበ፤ አባቱንም አሰበ፤ ቁጥቋጦው የያዛቸውን ቀን።

«የቀኙ ነው ጌታዬ።»

ሹሙ ተነፈሱ፤ የቀኙን ጨበጡ።

«መሃሉ ላይ ግን አይደገፉት።»

«ለምን?»

«መሃሉ ቃጭሉን እኔው ራሴ የደወልኩበት ነው። እያንዳንዱ የተደወለበት ቦታ ልል ነው።»

«የእግሩስ?»

«የእግሩ የአዳራሹ ነው። እጃችንን እያሳየንዎት የገመድነው።»

ሹሙ ሕዝቡን ተመለከቱ። ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም ቀና አላለም፤ ማንም እጁን አላሳየም። ከመካከል ትብለጥ ተናገረች።

«ጌታዬ፣ የእግሩ ገመድ ጫፉ ከእኔ ቤት የወጣ ነው። ፍየሌ የደወለችበትን ያህል ይርገጡ፤ ደህና ነው። ከዚያ ወዲያ እርስዎ ያዩኝ ስለሆነ አላምነውም።»

አንድ ሰው ሳቁን አፈነው፤ ሌላው አመለጠው፤ ከአዳራሹ ዘመን ወዲህ ያልተሰማ ሳቅ አፋፉን ሞላው። ሹሙ አልሳቁም። አንድ እግራቸውን አሳረፉ፤ ሌላውን አስከተሉ። ፍየሏ የደወለችበትን ያህል ሄዱ። ከዚያ ድልድዩ ጮኸ። ቆሙ። እንደቆሙ ወደ ኋላ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ እግራቸውን እየጎተቱ ተመለሱ። መሬት ሲረግጡ ልብሳቸውን አስተካከሉ።

«ነፋስ አለ» አሉ ጮክ ብለው።

ቅጠል አልተንቀሳቀሰም። የትብለጥ ነጠላ ጫፍ ቀጥ ብሎ ወርዷል።

«ነፋስ ስላለ ድልድዩ ይፈታ። ሲበርድ እንደገና ይዘረጋል።»

አዋጅ አልታወጀም። የቤት መውረስ ነገርም፣ ድልድዩ ስላልተዘረጋ፣ ሳይነሳ ቀረ። በማግሥቱ ግን አዳራሹ አልተከፈተም፤ ጠዋት በየደጁ የቃጫ እስር ተቀምጦ ተገኘ። የእንዳላማውን፣ ከድልድዩ ከተፈታው ገመዱ ጋር፣ ያመጣው ጫኔ ነው።

«ማን ላከው?»

«ማንም አልላከውም። እኔም አላመጣሁትም።»

«ሲባጎውስ? ይመለሳል?»

ጫኔ ወደ ካስማዎቹ ተመለከተ። አሁንም እንደቆሙ ነበሩ፤ በአዳራሹ ጣሪያ ሥር ቃጭሎቹም እንደተንጠለጠሉ ነበሩ። «ስለ ሲባጎው የሰማሁት የለም» አለና ሄደ።

እንዳላማው መሃሉን ፈትቶ ሊጀምር ካስማው አጠገብ ተቀመጠ። ደመናው ገደሉ ላይ ወርዷል። ዝናቡ መቼ እንደሚጀምር፣ ሁሉም ቤት ከዚያ በፊት ይደርስ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። አያ አብተው በሻሽ የተጠቀለለ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ያዳምጣሉ። ገመዱ ጠበቀ፤ ሄደ፤ ደህና ሄደ።

ፀሐይ ከደመናው መካከል ብቅ አለችና በደጁ ጥላው ድንጋዩን ነካ።

የእንዳላማው እጅ ገመዱን ለቀቀ። ወደ አየር ተዘርግቶ ሊስበው የሚፈልገውን ነገር አጣ።

«ለቀቅከው» አሉ አያ አብተው።

እንዳላማው እጁን ተመለከተ። ወጥቶ በደጁ የተተከለውን እንጨት ነቀለና ተመለሰ። ከዚያ የላላውን ቦታ ፈታ፤ እንደገና ጀመረ።